ከድንጋዩ ሥር ያለው ከሰል

ውድ ጥላዬ፣

እንደምን ነህ አልልህም፤ ካለህበት መልስ የሚያመጣልኝ የለም። እኔ ይሻው ነኝ። ፊደል እንዳልቆጠርሁ ታውቃለህ። እኔ እናገራለሁ፣ የምትጽፈው ልጅህ ጸዳለ ናት። ለምን እሷን እንደመረጥሁ ኋላ ትሰማለህ። እሷም አብራህ ትሰማለች።

ጸዳለ አሁን ጤና ጣቢያችን ውስጥ ነርስ ናት። ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ራሴን አዞረኝና ሄድሁ። ክንዴን በጨርቅ ጠቅልላ ነፋችና፣ «አያ ይሻው፣ ግፊትዎ መቶ ዘጠና ነው። ይህን ይዘው በእግርዎ ነው የመጡት?» አለችኝ።

«ታዲያ በምን ልምጣ፣ በቃሬዛ?» አልኋት።

አልሳቀችም። ጨው ይቀንሱ፣ አረቄ ይተዉ፣ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ይሂዱ አለች። ስድሳ ዓመት ከበሬ ኋላ የሄደ ሰው ያለ በሬ ሂድ ሲባል ምን ይላል? ኪኒኑን ስትሰጠኝ፣ «የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ?» አለችኝ። ዓይኗ ያንተው ነው። «የለም» ብዬ ወጣሁ።

የንስሐ አባቴ ቄስ ገብረመድኅንም ያንኑ መንገድ አዘዙኝ። ማልደህ ኪዳን አስደርስ፣ አርባ አንድ ስገድ፣ ልብህ ያርፋል አሉኝ።

ታዘዝሁ። አትሳቅ። ሣር ሣር የሚል አልጫ እበላለሁ። ሚስቴ ወርቅነሽ አረቄውን ከነጠርሙሱ ለጎረቤት ሰጠችብኝ። ጉልበቴ እየተንቋቋ እሰግዳለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጠቀመኝ። በጥቅምት ግፊቱ መቶ አምሳ ገባ፣ ራሴም መዞሩን ተወ። ግንባሬ መሬት የሚነካባት ያቺ ጊዜ በተለይ ታሳርፈኛለች።

ነገር ግን ሐኪሟም ቄሱም የሚሰዱኝ በአንድ መንገድ ነው። ከቤቴ ወደ መድኃኔ ዓለም ሌላ መንገድ የለም፤ በምንጩ ዳር፣ በማሳ አዋሳኝህ በጌጡ ገብስ ጥግ ያልፋል። እዚያ ስደርስ ትስላለህ። ያ ሁለት ጊዜ ደረቅ፣ አንድ ጊዜ እርጥብ ሳልህ ከገብሱ ውስጥ ይመጣል። ዘወር ስል ገብሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን «ጥላዬ፣ አትሳልብኝ!» ብዬ ተቆጣሁ፤ ከኋላዬ የምትመጣ ሴት መንገድ ቀየረች።

ለምን እንደምትስል አውቃለሁ።

አንተ ለቅኔ ትምህርት ርቀህ ሳለህ አባትህና የጌጡ አባት ማሳቸውን ለዩ። ጉድጓዱን የቆፈርሁት እኔ ነኝ። ከወሰኑ ድንጋይ ሥር በገል ከሰል አስቀበሩኝ፤ ድንጋዩን ሰው ቢያነሣው እንኳ ከሰሉ አይበሰብስምና ይመሰክራል ብለው። ሁለቱም አለፉ፣ የቀረሁት እኔ ነበርሁ። ጌጡ ድንጋዩን ሃያ ክንድ ወዳንተ ገፍቶ ምንጩን ሲወስድ፣ ከሰሉን ላውጣ ብትል ሽማግሎች ያለ ምስክር የሰው ማሳ አትቆፍርም አሉህ። አንተም ምስክርህን ጠራህ። ሽማግሎቹ፣ «ይሻው፣ የድሮው ወሰን የት ነው?» አሉኝ።

«ዘነጋሁት» አልሁ።

የአገሩን ላም ሁሉ ከነእናቷ የምቆጥር ሰው ዘነጋሁት አልሁ። ልጄ የሺ የጌጡ ልጅ ሚስት ናት፤ ያን ሰሞን ነፍሰ ጡር ነበረች። ትዳሯ ይፈርሳል ብዬ ፈራሁ። ፈራሁ ስል ሰው ሲሰማኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስትታመም ልጠይቅህ መጣሁ። እጄን ይዘህ፣ «ይሻው፣ እውነት ዘንግተኸው ነው?» አልኸኝ። «አዎ» አልሁህ። «እንግዲያውስ እግዜር ያስታውስህ» አልኸኝና ሳልህ። በሦስተኛው ቀን ቀበርንህ።

እዚህ ላይ ልጅህ መጻፍ አቆመች።

«ጻፊ» አልኋት።

«እናቴ ከወንዝ ውኃ የምትሸከመው በእርስዎ ነው?»

«በእኔ ነው። እሱንም ጻፊው።»

ጻፈችው። እሷን የመረጥሁት ለዚህ ነው። በሌላ ሰው እጅ ባስጽፈው ዳግመኛ መደበቅ ይሆንብኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ለቄስ ገብረመድኅን ተናዘዝሁ። ስግደት ይጨምሩብኝ አልኋቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ሺህ ብትሰግድ ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለሳል?» አሉኝ።

ዛሬ ማልጄ ዶማ ይዤ ወደ ድሮው ወሰን ወጣሁ። አንድ ክንድ ሳይሞላ ገሉን አገኘሁት። ከሰሉ እንደቀበርሁት ነው። አንዷን አንሥቼ በጣቶቼ አሸሁና ቀሪውን መልሼ ሸፈንሁት። ቅዳሜ በሽማግሎች ፊት እቆፍረዋለሁ፤ ጌጡንም ና ብዬዋለሁ። ለየሺ ነገርኋት። አለቀሰችና፣ «አባዬ፣ ቢያባርሩኝ ያስገቡኛል?» አለችኝ። «ቤትሽ ነው» አልኋት።

ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም። ቅዳሜ ካለፈም በኋላ ጨው አልበላም፣ ጠዋትም እሄዳለሁ። ምንጩ ዘንድ ብትስል እቆማለሁ። ባትስልም እቆማለሁ።

ጸዳለ፣ «ሳይፈርሙ ግፊትዎን ልለካ» ትለኛለች። ከፈረምሁ በኋላ ትለካው። ፊርማዬ አውራ ጣቴ ናት፤ ቀለም አያሻትም። የጠዋቱን ከሰል አልታጠብሁም።

ይሻው፣
ያልዘነጋው