አባዬ፣ መድኃኒቱን አላቆምም

ለምወድህ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆትና ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም "ምንም አይደል፣ አቧራ ነው" እያልክ እማዬን ታታልላታለህ? እሷስ ጉልበቷ ደረጃ ያስወጣት ጀመር? እኔ በዚህ በሰው አገር ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ነው፤ አውቶቡሱን ከመንዳትና ስለ ተሳፋሪዎቹ ከማማረር ቦዝኖ አያውቅም። ሆዴ ውስጥ ያለው እንግዳማ ከሁላችንም ይበልጥ ደህና ነው። ስቀመጥ ይነሳል፣ ስተኛ ይራገጣል። ግትርነቱን ከማን እንደወረሰ ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም።

በታናሽ ወንድሜ ስልክ የላክኸውን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። "ልጄ፣ እርጉዝ ሴት የሚጥል በሽታ መድኃኒት መውሰድ የለባትም አሉኝ። ልጁን ያበላሻል አሉኝ። በሞቴ ዛሬውኑ ተይው" ትላለህ። "በሞቴ" ስትል ሰምቼ አለቀስኩ። መልስ የዘገየሁት ነገሩን ከሐኪሞቹ ጋር እስካጣራ ነው። ልደውልልህ ብዬ ነበር፤ ግን አንተ በስልክ ስታወራ ትጮሃለህ እንጂ አትሰማም። ደብዳቤን ደግሞ በመሀል ማቋረጥ አይቻልም። ስለዚህ መነጽርህን አድርግና ቁጭ በልልኝ። ልብህ እንዳይንጠለጠል መልሴን ከወዲሁ ልንገርህ፤ አላቆምም። የቀረው ሁሉ ለምን እንደማላቆም ነው።

በመጀመሪያ፣ ያወሩልህ ሰዎች አልዋሹህም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስወስደው የኖርኩት ቫልፕሮዬት የሚባለው መድኃኒት እውነትም ፅንስ ይጎዳል። የልጁን አከርካሪ ሊያበላሽ፣ ካደገም በኋላ ትምህርት እንዲከብደው ሊያደርግ ይችላል። ነገር ግን ለዚህ በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት ብዙ ዓይነት ነው፤ ጠባያቸውም ከአንድ ማህፀን እንደወጡ ልጆች ለየቅል ነው። እኔንና ታናሼን አንድ ናቸው የሚልህ ሰው ቢኖር ዝም ትለዋለህ? ሐኪሜ እንደተጋባን የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ "ልጅ ታስባላችሁ ወይ?" የሚል ነበር። እናስባለን ስላት ገና ሳላረግዝ፣ ጊዜ ሳለ፣ ላሞትሪጂን ወደሚባለው መድኃኒት አዛወረችኝ። እናንተን ያስፈራችሁን መድኃኒት ከተውኩት ቆየሁ ማለት ነው።

ዝውውሩ ደግሞ አንዱን ጫማ አውልቆ ሌላውን እንደማጥለቅ አልነበረም። አሮጌው መድኃኒት ጉበትን ያዘገየዋል፤ ጉበት ከዘገየ አዲሱ ቶሎ አይወጣም፣ ደም ውስጥ ይከማቻል። ተቻኩለው ከጨመሩት መላ ሰውነትን የሚልጥ ክፉ ሽፍታ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የጀመሩልኝ ፍርፋሪ በምታህል መጠን፣ ያውም ቀን እየዘለልኩ ነው። ታውቀኝ የለ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። የሆስፒታሉን ፋርማሲስት፣ ራሰ በራውን ሰውዬ፣ "ለምን አናፈጥነውም?" አልኩት። ጣቱን አንስቶ "እህቴ፣ ማን አባረረሽ?" አለኝና ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ባለቤቴ በየማታው አንገቴንና ጀርባዬን እንደሚገዛ ጨርቅ እያገላበጠ ሽፍታ ይፈልግ ነበር። ምንም አልወጣብኝም። አዲሱ በደንብ ሲደላደል አሮጌው ቀስ በቀስ ተቀነሰና ቀረ። ሲሳሳ የኖረው ጠጉሬም መለስ አለልኝ፤ እሱም የአሮጌው ሥራ ነበር ለካ።

አሁን የደበቅኩህን ልንገርህ፤ አሁን ስላለፈ ነው የምነግርህ። በእርግዝናዬ አምስተኛ ወር ላይ በምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ቆሜ የኮት እጅጌ ስቆርጥ ያ የተቃጠለ ስኳር ሽታ መጣብኝ። ሽታውን ታውቀዋለህ፤ ልጅ ሆኜም ሁልጊዜ ከመውደቄ በፊት የምነግርህ ነው። የግራ እጄ ጣቶች በራሳቸው ዘለሉ። መቀሱን ወርውሬ መሬት ተቀመጥኩ። አጠገቤ የምትሠራው፣ በሥራ ሳይሆን በወሬ ፍጥነቷ "ቴሌግራም" የምንላት ልጅ፣ የጨርቅ ጥቅል ከጭንቅላቴ ሥር ከታ በጎኔ አስተኛችኝ። እግዜር ይስጣት፣ አልወደቅኩም፣ ራሴንም አልሳትኩም፤ እዚያው አለፈልኝ። አለቃችን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመቁረጫው አንስቶ ቁልፍ የጎደለበት ልብስ መርማሪ አደረገኝ። በጣም ተናደድኩ፣ ግን ልክ ነው።

ትልቁ ነገር ቤት ጠበቀኝ። ያንተ መልእክት የደረሰው በዚያው ሳምንት ነበር። ባለቤቴ ሰምቶታል። ማታ በሩን ዘግቶ "አባትሽ ተይው ስላሉሽ ትተሻል፣ አይደል? ለልጁ ብለሽ እየቀነስሽ ነው፣ አይደል?" አለኝ። አልተውኩም አልኩት። ማይልኝ አለ፤ ማልኩ። አላመነኝም። ሐኪሟ ዘንድ ስንሄድ እሷም ቀስ ብላ "ያልዋጥሽበት ቀን አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። አባዬ፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ያላደረግሁትን አድርገሻል ስባል የማይቆጣ አንጀት አልሰጠኸኝም። "ደሜን ቅዱና እዩ!" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ቀዱና አዩ። መድኃኒቱ በደሜ ውስጥ ከበፊቱ ከግማሽ በታች ወርዷል። ባለቤቴ ውጤቱን ሲያይ "ይኸው!" ሊል አፉን ከፈተ። ራሰ በራው ፋርማሲስት ግን ጣቱን አነሳ። "የዋጠች ሴት ናት፤ የጠበቅነው ነው። እንዲያውም ዘግይተን ነው ያየነው" አለ። እንዲህ ነው ነገሩ፤ ሴት ስታረግዝ የእርግዝናው ሆርሞን ጉበቷን ያነቃቃዋል፤ የነቃ ጉበት ላሞትሪጂንን ከወትሮው እጅግ ፈጥኖ ጠርጎ ያስወጣዋል። የዋጥኩት ያው ነው፣ የሚቀረው ግን ጥቂት ሆነ። ባለቤቴን ታውቀዋለህ፤ ይቅርታ ማለት በአፉ አይወጣለትም፤ ቤት ስንደርስ ማንም ሳይጠይቀው ሰሃኑን ሁሉ፣ ያልቆሸሸውንም ጨምሮ፣ አጠበ።

ስለዚህ አሁን የምወስደው ከማርገዜ በፊት ከነበረው ይበልጣል። ተቀመጥ፣ አትነሳ! ብዙ ዋጥኩ ማለት ልጁ ላይ ብዙ ደረሰ ማለት አይደለም፤ ደሜ ውስጥ ያለው ወደ ድሮው ልኩ ብቻ ነው የተመለሰው። በየወሩ ይለኩኛል። ከዚያ ወዲህ ሽታም የለ፣ ጣቴም አልዘለለ። ሐኪሟ በአልትራሳውንድ የልጁን አከርካሪ ከአንገቱ እስከ ወገቡ አንድ በአንድ እያሳየች "ቀጥ ያለ ነው" ብላኛለች። ለአከርካሪው የምትጠቅመውን፣ ፎሊክ አሲድ የምትባለውንም ቢጫ ክኒን ከማርገዜ በፊት ጀምሬ አላቋረጥኩም።

መድኃኒቱ አእምሮን የሚያደነዝዝ አይምሰልህ። የአእምሮ ሕዋሳት የሚነጋገሩት በጥቃቅን በሮች በምታልፍ ኤሌክትሪክ ነው። በሽታው ሲነሳ ሁሉም ባንድ ላይ፣ ያለ ፋታ ይጮሃሉ። ላሞትሪጂን ደግሞ ያለ ማቋረጥ የሚጮኸውን በር ለአፍታ ይይዘዋል፤ በልኩ የሚናገረውን አይነካውም። ባንዴ ብተወው ያ ሁሉ በር በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። የታላቅ እህቴ ሰርግ ግርግር ላይ መድኃኒቴ የተረሳ ጊዜ ምን እንደሆነ አንተ ከእኔ ይበልጥ ታስታውሳለህ፤ እኔማ ራሴን አላውቅም ነበር። አንዱ ሳይለቀኝ ሌላው እየያዘኝ፣ በጀርባህ አዝለህ ጤና ጣቢያ አደረስከኝ። ያን ጊዜ ጀርባህ ላይ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ብወድቅ ሁለት ነን፤ እኔ አየር ሲያጥረኝ እሱም ያጥረዋል። ልጁን የሚጎዳው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም፣ መውደቁም ነው።

ግን ዋሽቼ ጀግና አልሁንብህ። ድምፅህን የሰማሁ ማታ ክኒኗን መዳፌ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ፈራሁ። አንተ ስትለምን ሰምቼ አላውቅም። አንዱን ቀን ብዘለው ምን አለ የሚል ሐሳብም መጣብኝ። ከዚያ ዋጥኳትና ተኛሁ።

ስወልድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጉበቴ ወደ ድሮው ስለሚመለስ የጨመሩልኝን ቶሎ ቶሎ ይቀንሱልኛል፤ ካልቀነሱ ይከማችና ያዞረኛል፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳየኛል። አቀናነሱን ከአሁኑ ጽፈው ሰጥተውኛል። ሐኪሟ ማጥባት ትችያለሽ ብላኛለች፤ ሕፃኑን ብቻ እንከታተለዋለን። ይህን ሁሉ አልፈራም።

አንድ የምፈራው ነገር አለ፤ ለእሱ ክኒን የለውም። እንቅልፍ ማጣት ነው። መድኃኒቱን በልኩ እየዋጥኩም ቢሆን እንቅልፍ ካጣሁ በሽታው ሊነሳ ይችላል፤ አራስ ልጅ ደግሞ እንቅልፍ አያውቅም። ባለቤቴ ጎህ ሳይቀድ መሪ ይይዛል፤ ሌሊት አብሮኝ ነቅቶ ቢያድር መሪው ላይ አንቀላፍቶ የአውቶቡስ ሙሉ ሰው ይፈጃል። እማዬ በዚያ ጉልበቷ ሦስት ፎቅ አትወጣም። አንተ ግን የሰው መጋዘን ስትጠብቅ ዕድሜህን ሙሉ ሌሊት ነቅተህ ኖረሃል። ጡረታ ከወጣህ በኋላም ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ቤት ውስጥ ይዞራል እያለች እማዬ ታማርራለች። ያለብኩትን ወተት በጡጦ አስቀምጥልሃለሁ፤ ዳይፐር መቀየሩን ባለቤቴ በአንድ ቀን ያስተምርሃል። ወንድ ሆኖ አራስ ሊጠብቅ ሄደ ብለው ይስቁብህ ይሆናል። ይሳቁ። ሐኪሟ የመውለጃ ቀንሽ የጥር መጨረሻ ነው ብላለች።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ አባዬን ጥቂት ጊዜ አበድሪኝ ትልሻለች በላት። ታላቅ እህቴን ከነባሏ፣ ልጆቿንም አንድ በአንድ ሰላም በልልኝ። አክስቴን ሰላም በላት፤ ስለ መድኃኒቱ የነገረችህ እሷ መሆኗን አውቄያለሁ፣ አልተቀየምኳትም፣ ይህን ደብዳቤ አንብብላት። ታናሽ ወንድሜን ደግሞ ፓስፖርትህን ነገ ዛሬ ሳይል እንዲያወጣልህ፣ ሻንጣህንም ራሱ እንዲያሽግልህ ንገረው፤ አንተ ከሸከፍከው ሁለት ሸሚዝና አንድ ባትሪ ብቻ ይዘህ ነው የምትመጣው።

አባዬ፣ መድኃኒቴን እኔ እውጣለሁ። አንተ መጥተህ አስተኛኝ።

ልጅህ

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከሦስተኛው ፎቅ
ኅዳር 9 ቀን