ስለ ዲዳው ኪቦርድ ለጓድ ሊቀ መንበር

ወንድም ዓለም ብርሃነ መስቀል፥ ዛሬ ለሊቀ መንበራችን ልጽፍ ነውና ጠጋ በል። ስናደድ ፊደል እንደምገድፍ ታውቃለህ፤ እያየህ አርመኝ። ትሕትናው ቢበዛብህም አትሳቅ፤ ያስተማርከኝ አንተው ነህ።

ለተከበሩ ጓድ ወልደአረጋይ፥ የቀበሌያችን ሊቀ መንበርና የኪነት ቡድን መልማይ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

የደብረ ብርሃን ውርጭ ወደ ቢሮዎ እንዳይዘልቅ፥ ጉልበትዎም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲመላለስ እንዳይዝል እየተመኘሁ፥ የሟቹ የብርሃነ መስቀል ታናሽ ወንድም፥ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪው ገብረአብ፥ ያለ ዕድሜዬ በቀበሌ ጉዳይ በመግባቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን ጽሑፍ በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የምለጥፈው፥ ደጅዎ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ስለበዛ እርስዎን ላለማድከም ነው።

አንደኛ፤ ወንድሜ ኪቦርድ ሲመርጥ የኮሚቴዎን ፍጥነት ስላላሳየ አዝናለሁ። መርከበኛው አጎታችን ገብረ ሕይወት ሁለት ዓይነት አግኝቶ የትኛውን ልላክልህ ብሎት ነበር። አንደኛው ራሱ የሚጮኽ፥ ከበሮውን ራሱ የሚመታ፥ መብራቱ የሚያብለጨልጭ ነው። ሁለተኛው የራሱ ድምፅ የለውም፤ ሚዲ በሚሉት ገመድ ከድምፅ ሳጥን ጋር ካልተያያዘ ትንፍሽ አይልም። ሆኖም ጣት ሲከብድ መክበዱን፥ ሲለሰልስ መለስለሱን ያውቃል፤ ሳጥኑም እያንዳንዱን ድምፅ ከፍና ዝቅ አድርጎ ለአንቺሆዬ ቅኝት ያስተካክላል። ብርሃነ መስቀል የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቱ እየተጫነ፥ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ ዲዳውን መረጠ። የሚጮኸውን ቢመርጥ ኖሮ ዛሬ እርስዎን ባላስቸገርኩ።

ሁለተኛ፤ ኪቦርዱ ቀድሞ ደረሰ፤ ሳጥኑ ለሚቀጥለው የመርከብ ጉዞ ቀረ። በዚያው ሰሞን በኪነት ቡድኑ የተመዘገበ ሙዚቀኛ ለውትድርና እንደማይመለመል ኮሚቴዎ አስታወቀ። ወንድሜ ኪቦርዱን ታቅፎ ለፈተና ቀረበና፥ ሳጥኑ እስኪመጣ የቡድኑን አኮርዲዮን ለአንድ ዘፈን ያህል እንዲያውሱት ለመነ። እርስዎም የሕዝብን ንብረት አባል ያልሆነ ሰው እንደማይነካ፥ ሳይጫወት ደግሞ አባል እንደማይሆን በትዕግሥት አስረዱት። እንዲህ ያለ ጥበብ በሒሳብ መጽሐፋችን ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። እርሱ ግን በዚያው ድምፅ በሌለው ኪቦርድ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተው። እርስዎም «ጓዶች፥ ዕቃው ዲዳ ነው ወይስ እኛ ደንቁረናል?» አሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን በወቅቱ ባለመግለጼ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሦስተኛ፤ በማግሥቱ ወንድሜን ለሰሜን ግንባር ስለመረጡልን እናመሰግናለን። እናታችን ወይዘሮ ወለተሐና የመርዶውን ወረቀት ከእጅዎ ተቀብላለች። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት፤ የልጇ ስም ተሳስቶ ስለ ነበር እያረምኩ አነበብኩላት።

አራተኛ፤ ከኪቦርዱ ጀርባ ያሉት ክብ ቀዳዳዎች ከጠላት ሬዲዮ ጋር ይገናኙ እንደሆነ ለመመርመር ወስደውታል። ምርመራው በትጋት መቀጠሉን አልጠራጠርም። አሁን ግን ሳጥኑ በጭነት መኪና በደብረ ሲና በኩል መጥቶልናል፤ ያለ ኪቦርዱ ደግሞ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ወንድሜ ለፈተና የተጫወተውን ዘፈን ሲለማመድ ጣቶቹን እያየሁ አጥንቼዋለሁ፤ በጆሮው የሰማው ሰው ግን የለም። እናቴ እንኳ አልሰማችውም። ይህን ስጽፍ ከወንበሬ ስንት ጊዜ እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ሳልጫወተው በቆየሁ ቁጥር ጣቶቼ እየረሱት ነው። ስለዚህ ኪቦርዱን ቶሎ ይመልሱልን።

ጆሮዎ ከክፉ ድምፅ ሁሉ እንደተጠበቀ እንዲኖር የሚመኝልዎ፥ ከወንድሙ በቀር ምንም ያላጎደሉበት፥
ገብረአብ

ማስታወሻ፦ እናቴ አንኮበር ወዳሉ ዘመዶቿ ለሐዘን ከሄደች በኋላ፥ ቤት ውስጥ ብቻዬን በነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት፥ ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ቀበሌው መጣሁ። ቢሮው አልተከፈተም። መስታወት በሌለው መስኮት ሳጮልቅ ከሥሩ ባለው ኪቦርዳችን ላይ የስብሰባው የሻይ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ምርመራው የት እንደደረሰ ያኔ ገባኝ። በመስኮቱ የብረት ፍርግርግ መካከል ክንዴን እስከ ትከሻዬ አሾልኬ፥ ዳር ያለውን ብርጭቆ ገፋ አደረግሁና የዘፈኑን የመጀመሪያ ቁልፍ ተጫንኩ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ለሦስተኛው እጄ አልደረሰም።