የጋሽ ዘለቀ ሳይክል ማግኔት

ሰኞ፣ የካቲት 6፣ 2009
በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ የጎረቤታችን የጋሽ ዘለቀ ባለባትሪ ሳይክል ዛሬ ረፋድ ላይ ከሄርማታ ገበያ ስትመለስ ዳገቱ መሐል ሞተሯ ጸጥ ብሏል። ኪቶ ፉርዲሳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ሲሄድ የሰጣቸው ናት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል፤ ያለሷ ከግቢ አይወጡም።
ማን ገደላት? ... እኔ መሰለኝ። ለዚህ ደብተር ብቻ ነው የምናገረው። የኋላ ጎማዋ ሽቦ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ማግኔት ነበረች። ጌጥ መስላኝ ትናንት ነቀልኳት። ጅብሪል ሻይ ቤት፣ ከጠረጴዛ ሥር ይዤ ማንኪያ ላስኬድባት! ማንኪያዋ ስትሄድ ጅብሪል «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ጠረጴዛውን ገለበጠው። ማግኔቷ ቦይ ውስጥ ገባች። በሳቅ ልሞት ነበር... ትናንት።

ማክሰኞ 7
ሚስታቸው እትዬ ውቢት ደስ ብሏቸዋል። «አስፋልቱ ላይ እንደ ባጃጅ ሲበር፣ አንድ ቀን ሬሳውን ያመጡልኛል እያልኩ ነበር» አሉ። ለቅዳሜ ሳይክሏን የሚገዛ አንድ የሰቃ ከተማ ሰው ቀጥረዋል። ባትሪዋን ለቤቱ መብራት ይፈልጋታል፣ የቀረው ለቁራሌው።
ጋሽ ዘለቀ ዝም። እንዲህ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም።
«እኔ እሠራታለሁ» አልኩ።
«አንተ? ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምረህ ያልጨረስክ!»
ደስ አለኝ... ቢያንስ ተናገሩ።

ረቡዕ 8
ሬዲዮ ጠጋኙ ቲጃኒ ጋ ሳይክሏን እየገፋሁ ሄድኩ።
«ማግኔቷ ባለፈች ቁጥር ይቺ ከጎማው አጠገብ ያለችው ጥቁሯ ዕቃ ትቆጥራለች። ካልቆጠረች ጎማው ቆሟል ብላ ሞተሩን ታጠፋለች። ገባህ?»
በደንብ ገባኝ።
የስፒከር ማግኔት ሞከርን፤ ዳቦ ያህላል፣ ጎማው አልዞር አለ። የጆሮ ማዳመጫ ማግኔት... ደካማ ሆነች፣ ጥቁሯ አላየቻትም።
«አቦ፣ የበፊቷን ማን ነቀላት?»
«ጅብ።»

ሐሙስ 9
እንዴት ረሳሁት! የአክስቴ ልጅ ፈድሊያ ቡና መጋዘን ለቃሚ ናት። ለቃሚዎቹ ምስማርና የሽቦ ቁራጭ እንዳያመልጣቸው ትንንሽ ማግኔት በክር አስረው ቡናው ላይ ይጎትታሉ። እሷ ሁለት አላት። እውነቱን ነገርኳት። ስትስቅ የተለቀመው ካልተለቀመው ተደባለቀባት።
«ሁለቱንም ውሰድ። ግን ለጋሽ ዘለቀ በአፍህ ትነግራቸዋለህ። ካልነገርክ ወላሂ እኔ እነግርልሃለሁ፣ ጨምሬበት!»
«ማሊፍ፣ ለምን እንዲህ ትጨክኛለሽ?»
«ማሊፍ አትበለኝ! ፋሂም፣ እሺ በል።»
እሺ አልኩ።

ዓርብ 10
ሁለቱንም በሽቦ አሰርኩ። አንዱ ቢወድቅ አንዱ አለ... ብልህ ነኛ! ሞተሯ ተነሳ። ጋሽ ዘለቀ አስፋልቱ ላይ ወጡ። መሪው ላይ ያለው የፍጥነት ቁጥር ሃያ... ሃያ አራት...
«እየበረርኩ ነው!»
የጋሪ ፈረስ ቀደማቸው።
ሃያ አምስት ሲል ሞተሩ ይተኛል። ቀነስ ሲያደርጉ ይነሳል። ምንድነው? እራት ላይ ነው የገባኝ። ጎማው አንዴ ሲዞር ሁለቴ ይቆጠራላ! ሞተሩ በሰዓት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ እንዲያርፍ ነው የተሠራው፣ እውነተኛው ፍጥነት ግን ዐሥራ ሁለት ተኩል ነው። ነገ እናዘዛለሁ፣ አንዱን እነቅላለሁ። ሰውዬው ሳይመጣ።

ቅዳሜ 11
ቀደመኝ። የሰቃው ሰውዬ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። እሱ ፊት ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ማንኪያዋንም፣ ሁለቱን ማግኔቶችም።
«ትናንት የበረርኩት... ዐሥራ ሁለት ነው?»
«አዎ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁን አንዱን ልንቀልና...»
«እንዳትነካ!»
ባልም ሚስትም እኩል ጮኹ።
«በዐሥራ ሁለት ይሂድልኝ» አሉ እትዬ ውቢት፣ «እንዲህማ ከሆነ ለምን ትሸጣለች? እኔም ልረፍ።»
«ቁጥሩም አይቀነስብኝ» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ለምጄዋለሁ።»
የሰቃውን ሰውዬ ቁርስ አብልተው ሸኙት። እኔን ግን «ሌባ!» አሉኝ። እየሳቁ ነው... መሰለኝ።

እሑድ 12
ጋሽ ዘለቀ ኪቶ ፉርዲሳ ደርሰው መጡ። ለሰፈሩ ሁሉ «በሃያ አምስት!» ይላሉ። እትዬ ውቢት ከኋላቸው ይጠቅሱኛል። እኔ አፌን ዘግቻለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው ቀልድ ሳላበላሽ ዋልኩ።
ስድስት ገጽ ጨረስኩበት። ሲያስቡት ምንም አይደለም፤ አንዲት ቁራጭ ብረት ጠፋች፣ ሁለት ተገኘ። በቃ።