ያልተዘጋው መንገድ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ ለእታለም ሚራን፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? እዚያ ሳኦ ፓውሎ ስፌት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰሽ እንደምትውይ ስለማውቅ ከሁሉ በፊት የምጠይቅሽ እሱን ነው። ባለቤትሽ ጋሽ ሳንግቾልስ ጤናው ተስተካከለ ወይ? ልጃችሁ ትንሿ ያሪንስ በፖርቱጋልኛ እያወራች እናንተ ላይ መሳቅ ጀመረች? አባባ ጉልበቱን ከማማረሩ በቀር ደህና ነው። እኔም በአካል ደህና ነኝ። የቀረውን ከታች አንብቢና ራስሽ ፍረጂ።

በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን ድምፄን እንድትሰሚው ስላፈርኩ ወረቀት መረጥኩ። አባባ ደውሎ ባለቤቴ ኢሴል በመኸር በዓላችን በቹሶክ ቀን ፊልሙ ሳያልቅ ከሲኒማ ቤት ተነስታ እንደሄደች ነግሮሻል አሉ። አሟት ነው ብሎሻል። አክስት ማልሱን ደግሞ ሕመም ሳይሆን ንቀት ነው ብላ ጨምራበታለች። አልታመመችም፣ አልናቀችምም።

የኢሴል አባት ባለፈው ሚያዝያ አበባ ሲፈነዳ እንደሞቱ ታውቂያለሽ። ይህ ቹሶክ እሳቸው የሌሉበት የመጀመሪያው በዓል ነበር። ኢሴል ወንድም የላት፣ እህት የላት፤ እናቷ ናምዎን ከተማ ብቻቸውን ናቸው። ስለዚህ ጠዋት ዴጆን ከተማ አባባ ቤት ለሞቱት አያቶቻችን ማዕድ አቅርበን እንደሰገድን፣ ወዲያው ወደ ናምዎን ልንነሳ ተነጋግረን ነበር። እሷም የበኩሏን አደረገች። ዋዜማውን ከአክስት ማልሱን ጋር መጥበሻ አጠገብ ቁጭ ብላ ዱባና ዓሣ በእንቁላል እየነከረች ስትጠብስ ዋለች፤ እኔ ከአጎቶቻችን ጋር ካርታ ስጫወት።

ጠዋት ሽርጧን ስትፈታ አባባ ወደ ጓዳ ጠራኝና፣ የሚመጡ ዘመዶች አሉ፣ እሷ ከሄደች ማን ያስተናግዳቸዋል ብሎ አጉረመረመ። ያኔ ተነጋግረን የጨረስነው ነገር ነው ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ከሁለቱም ላለመጣላት ብዬ ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። ስልኬ ላይ የአምናውን የበዓል መጨናነቅ የሚያሳይ የመንገድ ካርታ ነበረኝ፤ አውራ ጎዳናው ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ የሆነበት። እሱን አሳየኋትና እስከ ናምዎን ስምንት ሰዓት ይፈጃል፣ እስኪከፈት እንጠብቅ አልኳት። አመነችኝ። በቹሶክ መንገድ ተዘጋ ሲባል ማን ይጠራጠራል? ለእናቷ ስትደውል እሳቸውም ግድ የለም፣ የአባትሽን ማዕድ አላነሳም፣ እስክትመጡ ከአባትሽ ጋር እንጠብቃለን ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰምቼም እንግዶቹን ልቀበል ወጣሁ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አባባ እንደ ልማዱ ሁላችንንም ሲኒማ ወሰደን። ዘንድሮ የደረሰን ስለ አዲስ ሙሽሮች ኑሮ የተሠራ አስቂኝ የፍቅር ፊልም ነበር። ባልና ሚስቱ በጥርስ ሳሙና ሲጣሉ፣ የመጀመሪያ ሩዛቸውን ሲያሳርሩ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ኢሴል በየመሃሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ እያለች ተከፈተ ወይ ትለኛለች፤ እኔም ገና ነው እላለሁ። ታዲያ የፊልሙ ባል አማቶቹ ቤት ላለመሄድ ሲል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስልኩን አውጥቶ የአምናውን ካርታ ለሚስቱ አያሳያት መሰለሽ።

ከአዳራሹ ሰው ሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ፣ እታለም። ራሴን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ከጎኔ ያለችው እንደማትስቅ ተሰምቶኝ ዞር ስል፣ ኢሴል ፊልሙን ትታ እኔን ታያለች።

«ስልክህን አምጣ» አለችኝ።

ሰጠኋት። ካርታው ላይ የአምናው ቀን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ተነሳች። አክስት ማልሱን ምን ሆነች ብትለኝ፣ ይህን አፌን በቆረጠው፣ ሆዷን አሟት ነው አልኩ። የሕመሙ ወሬ እንግዲህ የወጣው ከእኔው አፍ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ጉድ ግን አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም።

ተከትያት ወጣሁ። ወደ ናምዎን መኪናውን የነዳችው እሷ ናት። መንገዱ ጭር ብሏል። ሬዲዮው ወደ ደቡብ የሚወስደው ጎዳና ከጠዋት ጀምሮ ሰላም እንደዋለ ያወራል። ላጠፋው እጄን ስሰድ «ተወው፣ ይናገር» አለችኝ።

አማቴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። የማዕዱ ሩዝ ደርቋል፣ ጽዋው ገና አልተቀዳበትም፤ እሳቸውም ከባላቸው በፊት አልቀምስም ብለው እህል በአፋቸው አልዞረም። «ይህን ሁሉ ሰዓት ታጥፈህ ተቀምጠህ፣ ወገብህ አልቋል እኮ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ባላቸው ፎቶግራፍ ዞረው «አላልኩህም? ይኸው መጡልህ። መንገዱ ነው እንጂ እነሱማ አይቀሩም» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁን ትናገራለች ብዬ ኢሴልን አየኋት። እሷ ግን «አዎ እማዬ፣ መንገዱ አይጣል ነበር» አለች።

ወንድ ልጅ ስለሌለ ለሟቹ ጽዋውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ስቀዳ መጠጡ ፈሰሰብኝ፤ አማቴም ድካም ነው ብለው አጽናኑኝ። ለእንቁላል ያስቀሯትን ዶሮ ለአማች ትገባለች ብለው አርደዋት ኖሯል፤ ሁለቱንም ጭን ለእኔ አቀረቡ። አልበላም ብል ምክንያቱ ሌላ ውሸት ሊሆን ነው። አጥንቱ እስኪቀር በላሁ።

በማግስቱ ጓሮ ዕቃ ስናጥብ ስለ ሸፈነችልኝ አመሰገንኳት።

«ላንተ ብዬ አይደለም» አለችኝ ቀና ሳትል። «ባሏን ያጣችው ዘንድሮ ነው። ልጇን ለውሸታም እንደዳረች ደግሞ ዘንድሮ እንድትሰማ አልፈልግም።»

ከዚያ ወዲህ ሱዎን ቤታችን ተመልሰን አብረን እንበላለን፣ አብረን እናድራለን፤ ጠብም የለም። ግን ዝናብ ሊዘንብ ነው ስላት መስኮቱን ከፍታ ሰማዩን ታያለች። ለአማቴ ሁሉንም ተናግሬ ቢቀለኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ኢሴል ግን አንተ እንዲቀልህ እናቴ አትሸከምም ብላ ከለከለችኝ። ልክ ናት። ለአባባ ግን እውነቱን ነገርኩት። እሱም ለዘመድ ግን ታማ ነበር በል አለኝ፤ አልልም አልኩት። አንቺም አባባ ወይም አክስት ማልሱን ሲደውሉ የዋሸው ወንድሜ ነው በያቸው። ከእኔ ይልቅ አንቺን ይሰማሉ።

ለጋሽ ሳንግቾል በአክብሮት ሰላም በይልኝ። የያሪንን ጉንጭ ደህና አድርገሽ ሳሚልኝ። አባባና አክስት ማልሱን በጣም ናፍቀሽናል ብለውሻል። እዚህ ላይ እንደ ወጉ ኢሴልም ሰላም ትልሻለች ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር። ግን አላለችም።

ወንድምሽ ዶንጉክ
ሱዎን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.