ግማሽ ዓመት ያንተ፣ ግማሽ ዓመት የእኔ

ነሐሴ 12 ቀን
ከቤት

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንዴት ነህ? የጉልበትህ ሕመም ተወህ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ዝም ያልኩት እምቢ ብዬ አይደለም። አንተ መቼም ዝምታዬን ሁልጊዜ የምትተረጉመው ወደ አንድ ወገን ነው። እያሰብኩ ነበር።

«ልጃችን ግማሹን ዓመት አንቺ ጋ፣ ግማሹን እኔ ጋ ትኑር፤ ማንም አይበደልም» ብለሃል። ዳቦ ስትቆርጥ እንኳ ሁለቱን ቁራጭ አስተያይተህ ትልቁን ወደ እኔ የምትገፋ ሰው ነህና፣ ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

መልሴን ከመንገሬ በፊት ስለ ሥራዬ ላውራህ፤ መልሱ የመጣው ከዚያ ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ዕቃ ማጠቡን ትቼ ወደ ክሪስታል ክፍሉ ተዛውሬያለሁ። ሁለት ዓይነት የፕላቲነም ክሪስታሎች እጠብቃለሁ። ፕላቲነም ያው ቀለበት የሚሠራበት ነጭ ብረት ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር ሲዋሃድ ግን የት እንደገባ አታውቀውም። አንደኛው ክሪስታል ደም የመሰለ ቀይ ነው። ሌላው እንደ አዲስ የመዳብ ሽቦ የሚያብረቀርቅ ቀጭን መርፌ ነው፤ አየር ሲደርቅበት ይበላሻል፤ ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ የጨው ውሃ አስቀምጥለታለሁ። በሁለቱም ውስጥ የፕላቲነም አቶሞች እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። ቅይጥ ቫለንስ ይሏቸዋል፤ አቶሞቹ ያጡት ኤሌክትሮን በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ሙሉ ቁጥር ስላልሆነ።

ይህን የለቀምኩት ሰዎች ማተሚያው ማሽን አጠገብ ጥለዋቸው ከሚሄዱ ወረቀቶች ነው። የመጀመሪያው ገጽ ሲገኝ የመጨረሻው አይገኝም፤ ዕውቀቴ መሃል መሃሉን ብቻ ነው።

ስለ ቀዩ ሳነብ «አማካዩ ሦስት ነው» የሚል አገኘሁና አለቃዬን «እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ኤሌክትሮን አጥቷል ማለት ነዋ!» አልኳት።

«ሒሳቡ ልክ ነው» አለችኝ። «ግን እዚያ ውስጥ ሦስት ያጣ ሰው የለም።»

«ሰው?»

«አቶም ማለቴ ነው። አብሬያቸው ስውል ሰው እየመሰሉኝ መጡ።»

አንዱ ሁለት ነው ያጣው፣ ጎረቤቱ አራት፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። በመካከላቸው ክሎሪን አለ። እሱም እኩል መሃል ላይ አይቀመጥም፤ ብዙ ወዳጣው ይጠጋል። ይህን ርቀቱን ለክተው ነው የደረሱበት። ቀለሙም የሚመጣው ከዚያ ልዩነት ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑ ካለው ወደ ጎደለው ይሻገራል።

«መዳብ የሚመስለውስ?»

«እነዚያ ከልባቸው ይካፈላሉ። ኤሌክትሮኑ የማንም አይደለም፤ በሰልፉ ላይ እንዳሻው ይመላለሳል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ግን በመካከላቸው ሌላ ነገር የለም፤ ትከሻ ለትከሻ ነው የቆሙት። እሱም ቢሆን በጣም ሲቀዘቅዝ ይቀራል።»

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጃችን አብራኝ ትውላለች። ቀዩን በማይክሮስኮፕ አሳየኋት። ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቁራጭ ፕላስቲክ ከሥሩ አድርገህ ስታዞረው፣ አንዴ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ አንዴ ቀለሙ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

«እማዬ፣ ይሄማ አጭበርባሪ ነው!» አለች።

ስለ ኤሌክትሮኑ መሻገር ስነግራት ደግሞ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ «እኔ ግን ኤሌክትሮን አይደለሁም፣ እሺ?» አለችኝ።

«ማን ነሽ አለሽ?»

«አባዬ ነግሮኛል። ግማሽ ግማሽ።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ሻንጣ የማይፈታበት ኑሮ! ጓደኛ ስይዝ ተነሽ ልባል ነው።» ደግሞም «ከሄድኩ ዓመቱን ሙሉ ልሂድ» አለች።

«መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አትቆጪም?»

«አልቆጣም።»

«አባዬ ጋ ወሬ አለ። እኛ ቤት የሚያወራው ፍሪጁ ብቻ ነው።»

እዚያው ሳቅሁ። ማታ ቤት ሆኜ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ስሰማ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ግማሽ ግማሹ ይቅር። እኩል መካፈል የሚሆንላቸው ተጠግተው የቆሙ ናቸው፤ በእኔና በአንተ መካከል ግን ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ የባቡር መንገድ አለ፣ ያልተነጋገርነውም ነገር አለ። መጪውን ዓመት ሙሉውን አንተ ጋ ትኑር። አንተ ያለህ፣ እኔ የጎደለብኝ እንሁን። ልጅ ማዕድን እንዳልሆነች አላጣሁትም፤ እንዳትስቅብኝ። ብቻ መጉደል ሁሉ ጥፋት አለመሆኑን ከዚያ ቀይ ነገር ተምሬያለሁ። ከዚያ ለሚቀጥለው ዓመት ራሷን እንጠይቃታለን።

ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ አታናግራት። ሲከፋት አትናገርም፤ ጸጉሯን ትፈታና መልሳ ትሠራዋለች፤ ያን ጊዜ «ምን ሆነሽ?» አትበላት፣ ዝም ብለህ አጠገቧ ተቀመጥ። ይህን ከእኔ ነው የወሰደችው። መልስ ስትጽፍልኝ ደግሞ ስለ እሷ ብቻ አትጻፍ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሻንጣዋ ውስጥ የምትከተውን ልብስ እያጣጠፈች መጣችና «አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት። ድምፄን አውጥቼ ይህን ያህል ያነበብኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

«እማዬ፣ ‹ትኑር› ብለሽ ጽፈሻል። እንዳልሄድ ትፈልጊ እንደሆነ ግን አልጻፍሽም።»

«አልጻፍኩም።»

«ለምን?»

«ብጽፈው ትቀሪያለሽ።»

ወለሉ ላይ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ብዙ ቆየች። ሻንጣውን ግን አልፈታችውም።

እሑድ ጠዋት ትሳፈራለች፤ ሲመሽ እዚያ ነች። ፈጣሪ በሰላም ያገናኛችሁ፤ ቤታችሁን የጨዋታ ቤት ያድርገው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ባቡር ጣቢያው ላይ ቀድመህ ተገኝ። እሷ አንተን መፈለግ ሳትጀምር አንተ እያት።

የልጅህ እናት