ብቻዬን ያየኋት ጨረቃ

ለውድ ወንድሜ ለከማሉዲን፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትህ ወንድም ዓለም? ያ የሰው ፍሪጅ ስትሸከም የተቀጨ ወገብህስ ተሻለው? ዘይዳ ደኅና ናት? ልጅህ ሙሐመድያሲን አደገ? አማርኛ ይሰማል ወይስ አሁንም ዐረብኛውን ብቻ ነው የሚያንበለብለው? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ጤና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። ስትደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴትዮ ሰልችታህ ይሆናል። አልሞትኩም፣ ሞጣ ውስጥ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው።

ሀሲና ቤት የለችም። ልጃችን ጁማና አዲስ አበባ ወንድ ልጅ ተገላግላ ልታርሳት ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ መንገዱ ተዘጋባትና እዚያው ቀረች። የልጅ ልጄን እስካሁን አላየሁትም። ፎቶውን በስልክ ልከውልኛል አሉ፤ የት አየር ላይ እንደቀረ እንጃ። ስለዚህ እዚህ ቤት የሚናገር ሬዲዮ ብቻ ነው። ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ እንደ ሰው እመልስለታለሁ። ሰው እንደገና ጨረቃ ላይ ሊወጣ ነው ይላል፣ ምን ረስቶ መጣ እላለሁ። የዓባይ ግድብ መብራት አመነጨ ይላል፤ እኔም ቦንድ ገዝቻለሁና ደስ አለኝ፣ ደስታዬን ግን በኩራዝ ነው የሰማሁት። ነዳጅ የማይጠጣ መኪና ይላል፣ ምርጫ ይላል። ሰላም የሚል ቃል ሲመጣ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ፤ ወዲያው ወደ ስፖርት ያልፋል።

ቢቸና ያለውን ሾፌር ጓዴን ታውቀዋለህ፣ ይህን ደብዳቤም የሚያደርስልህ እሱ ነው። ባለፈው ከአዲስ አበባ ሲመለስ በስልኩ ጭኖ ያመጣውን አሳየኝ። አንድ ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው ይመክራሉ፤ ሲናገሩ ጺማቸው ሁሉ ይነቃነቃል። ምክራቸው ልቤ ገባና እኒህ ሰውዬ የየት አገር ሰው ናቸው ብለው፣ ጓዴ መሪውን እየመታ ሳቀብኝ። የሉም አለ። ማሽን የፈጠራቸው ናቸው፣ አልተወለዱም፣ ግን ሺ በሺ ሰው «አሜን አባታችን» እያለ ይጽፍላቸዋል። እኔም አሜን ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ያን ቀን እንዲሁ ገረመኝ፤ ነገሩ የገባኝ ግን በኋላ፣ በራሴ ሲደርስ ነው።

በረመዳን ሃያ ዘጠነኛው ቀን ማታ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው ጉብታ ወጣሁ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ለሞጣ ሰው ጨረቃ የሚያይበት ቦታ አይደል፤ እኔም በተራዬ አንድም ዓመት ቀርቼ አላውቅም። ድሮ ልጅ አዋቂው ይከተለን ነበር። ስልክ ከመጣ ወዲህ ሰው አንገቱን ወደ ታች ደፋ፤ ስልኩ ሲጠፋም ቀና ማለቱን ረስቶ ቤቱ ተቀምጦ ሬዲዮ ይጠብቃል። ጊዜውም ሲመሽ ሰው የሚያስወጣ አይደለምና አልፈርድባቸውም። ብቻዬን ቆምኩ።

አየኋት ከማሉ። ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ከፍ ብላ፣ የጥፍር ቁራጭ ታህላለች። ትንሽ ቆየችና ደመና ወሰዳት። ወላሂ «ከማሉ፣ ያቻትልህ!» ብዬ ወደ ቀኜ ዞርኩ። አንተ የምትቆምበት ቦታ ላይ እሾህ በቅሏል። ከሄድክብኝ ይህን ያህል ዓመት ያን ቀን እንደሆንኩት ሆኜ አላውቅም፣ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

የአባባ ነገር ትዝ ይልሃል? ሁለታችንም አየን ስንለው አያምነንም። ጀርባ ለጀርባ ያዞረንና በየፊናችን ቀንዷ ወዴት እንዳጋደለ በእንጨት አፈሩ ላይ ያስሥለናል። አንዱ የሌላውን እንዳያይ በመካከላችን ቆሞ ቀሚሱን ይዘረጋል። ከዚያ ሁለቱን ሥዕል አይቶ ከገጠመ ብቻ ወደ መስጊድ ይወርዳል። አንድ ጊዜ አንተ ዝም ብለህ የመሰለህን ሥለህ፣ «ይሄ ልጅ ያየው የጎረቤት በሬ ነው» ብሎ ስንቱን አሳቀብህ። ከዚያ በኋላ ግን ያላየኸውን ሥለህ አታውቅም።

ወርጄ ለኢማሙ ነገርኳቸው። አላፌዙብኝም፣ ከማን ጋር አየህ አሉኝ። ብቻዬን አልኩ። ለኢድ ሁለት ምስክር እንደሚፈለግ ታውቃለህ፣ ሬዲዮውም አልታየችም ብሏልና ከሰው ጋር ፁም አሉኝ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ከኋላ ግን አንዱ፣ ሀሲና ከሄደች ወዲህ ከሬዲዮ ጋር ያወራል እኮ ሲል ሰማሁ። እውነቱን ነው፣ አወራለሁ። ግን ሬዲዮ ማናገርና ጨረቃ መፍጠር አንድ ነው እንዴ?

በማግስቱ ሁሉም ፆመ፣ እኔም ፆምኩ። ያየሁት እውነት ከሆነ በኢድ ቀን መፆሜ ሐራም ነው፤ ካልሆነ ደግሞ አንዲት ፍሬ ተምር ብቀምስ የረመዳንን ቀን በላሁ ማለት ነው። ስጨነቅ ጎረቤታችን አስቻለች በአጥሩ ላይ አይታኝ ምን ሆንክ አለችኝ። ነገርኳት። «አንተ እንድሪስ፣ እኛ ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን እንፆማለን፤ አንዲት ቀን ብትጨመር ምን ያስለቅስሃል?» ብላ ሳቀች። የቀኗ ነገር እንዳልሆነ ሲገባት ግን ሳቋን ትታ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው፣ ምን ታደርገው» አለችና ገባች። ማታ ለማፍጠሪያ ሽሮ ላከችልኝ።

የጓሮውን ክፍል የተከራየው መምህር ምንይሉ ፊዚክስ ነው የሚያስተምረው። ወረቀት አውጥቶ ብዙ አሰላልኝ፤ የፀሐይዋን መግቢያ፣ የጨረቃዋን ዕድሜ። ሲጨርስ «ጋሽ እንድሪስ፣ በዚያ ምሽት በዓይን ማየት እጅግ ይከብዳል፤ ጨርሶ አይቻልም ግን አልልም» አለኝ። የመጨረሻዋን ለኔ አዝኖ የጨመራት መሰለኝ። በስሌቱ አልተቆጣሁም። ሰው ጨረቃ ላይ የሚያወጣው ይኸው ስሌት ነው፣ የአባባ እንጨት አይደለም።

እንግዲህ አላየሁም ይሆናል። ደመና ይሆናል፣ ያረጀ ዓይን ይሆናል፣ መናፈቅም ይሆናል። ብቻውን ያየ ሰው ውሎ አድሮ ያየውን ራሱ ይጠረጥረዋል። የጓዴን ሽማግሌ አስብና ይደንቀኛል፤ ያልተወለዱትን ሰውዬ ሺ ሰው አሜን ሲላቸው፣ እኔ በዚህች ከተማ ተወልጄ አርጅቼ አንድ «እኔም አይቻለሁ» የሚለኝ አጣሁ። ጨረቃዋን ለማወጅ አይደለም፣ ረመዳን ወጥቶ ሸዋል ገባ፣ ኢዱ አለፈ፣ ሰግደን ተሳስመን ጨረስን። የአባባ ልጅ መሆኔ ያበቃ እንደሆነ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ልለምንህ። በዚያ ምሽት ከሥራ ስትወጣ በዚያ ሁሉ መብራት መሐል ድንገት ቀና ብለህ ነበር? ያየህ እንደሆነ ቀንዷ ወዴት እንዳጋደለ ሥለህ ላክልኝ። እኔ የኔን ያን ማታ ሥዬ በአባባ ካፖርት ኪስ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ወዴት እንደሆነ አልነግርህም፣ አባባ ይቆጣል። ካላየህ ደግሞ አላየሁም በል። ለወንድሜ ብለህ እንዳትዋሽ፣ የውሸት ጨረቃህን ከልጅነትህ ጀምሮ አውቃታለሁ። ያን ጊዜ በሚመጣው ረመዳን ራስህ መጥተህ በቀኜ ቁም፤ እሾሁን እኔ እነቅለዋለሁ።

ወረቀቱን ጓዴ መንገድ ሲከፈት የዓባይን ድልድይ አሻግሮ ለጁማና ይሰጣታል፤ እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። መልስህንም በዚያው አድርገው። ለዘይዳ፣ የላከችው ሽቶ ደርሶ ሀሲና ሳትከፍተው እንዳስቀመጠችው ንገርልኝ። ሙሐመድያሲንን ጉንጩን ስመህ አጎትህ ነው በለው፣ ስሜንም አስጠናው። ከዚህ ኢማሙ፣ አስቻለችና መምህር ምንይሉ እጅ ነሥተዋል። አላህ በሰላም ያገናኘን።

ወንድምህ እንድሪስ

ሞጣ፤ በሰው ቁጥር ሸዋል ስምንት፣ በኔ ቁጥር ዘጠኝ።