የመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ወገብና ፍርሃት

ይድረስ በክብር ለጤና ተቋማችን አስተዳዳሪ
ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ሳይፈሩ ከወንበርዎ የሚነሱበትን ጸጋ አምላክ ይጠብቅልዎ። እኔ ይታየሽ፣ ከጽጽቃ ሲመለሱ ከበቅሎ ወድቀው የተጎዱት የመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ባለቤት፣ ስለዋሉልን ውለታ ላመሰግንዎ ብዕር አንስቻለሁ።

፩ኛ፦ አጥንታቸው ከተጠገነ በኋላ ከአልጋ ያስቀራቸው ፍርሃት መሆኑን የደረሰችበት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ማርታ ነበረች። ወገባቸውን እያንቀሳቀሰች፣ ብቆም እሰበራለሁ የሚለውን ሐሳባቸውን አውጥተው እንዲናገሩና በአንዲት እርምጃ እንዲፈትኑት ትፈልግ ነበር። ባለቤቴ ግን ፍርሃታቸውን ከነፍስ አባታቸው በቀር ለማንም የማይገልጡ ሰው ናቸውና፣ ማርታ እኚህኑ የነፍስ አባት፣ አባ ገብረ ጻድቅን ጠርታ ከአልጋው አጠገብ አስቀመጠቻቸው። መሪጌታ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ይናገራሉ፤ አባ በእሳቸው ፈቃድ ለማርታ በአማርኛ ይነግሯታል፤ ማርታም መቋሚያውን ታስይዛቸዋለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ በረንዳ ደረሱ። አንድ ቀን ወረብ እያንጎራጎሩ ጎንበስ ቀና ሲሉ ባይ፣ ለኅዳር ጽዮን ከማኅሌት ይቆማሉ ብዬ ጥምጣማቸውን አጥቤ ሰቀልኩ።

፪ኛ፦ እርስዎ ግን ወገብ በወሬ አይታከምም ብለው፣ ማርታ ዝም ብላ እንድታሠራ አዘዙ፤ አባንም ስብከት በቤተ ክርስቲያን ነው አሰኝተው በዘበኛ ከበር አስመለሱ። ሥጋውን ለራስዎ፣ ነፍሱን ለደብሩ ማካፈልዎ ፍትሐዊ ነበር፤ ችግሩ ባለቤቴ አንድ ሰው መሆናቸው ብቻ ነው።

፫ኛ፦ ይህን በወግ ልጽፈው አልቻልኩም፤ ልቤ ተሰብሯል። ለጽዮን የከበሮው ድምፅ ከተኙበት ክፍል ድረስ ሲሰማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔም በሩን ዘጋሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ማርታ ብትመጣም እግራቸውን አይሰጧትም።

በክፍልዎ ውስጥ ስላሰፈኑት ጸጥታ ግን ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ዛሬ ማንም አያወራም፣ ማንም አይነሳም።

ሥራዎን እግዜር ይቁጠርልዎ እያለች፣ ከአልጋው አጠገብ ሆና በታላቅ ትሕትና እጅ የምትነሳ፣
ይታየሽ አሥራተ ማርያም

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ነገር ሳልመሰክርልዎ ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል፤ ባለቤቴ አሁን መውደቅን አይፈሩም። የተኛ ሰው ከየት ይወድቃል?